ያልነገርኩሽ እንከን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን
ከወርክሾፑ፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለልጄ፣ ለሞላዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደከረምሽ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ደህና ነው፣ ወርክሾፑ ደህና ነው፣ ባለስፌቷም እንደ ወትሮዋ ከማሽኗ ጋር ተጣልታ ውላለች። እሁድ ዕለት በስልክ «አባዬ፣ የጽሑፍን ነገር ሁለተኛ ብታነሳብኝ ጆሮህ ላይ ነው የምዘጋው» አልሽኝ፤ እሺ አልኩሽ። ቃሌን አላጥፍም፤ በስልክ አላነሳም። በደብዳቤ አላነሳም ግን አላልኩም። ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ልትቀድጂው ትችያለሽ፣ ግን ከመቅደድሽ በፊት እንደምታነቢው እርግጠኛ ነኝ፤ አንቺ እኮ የሳሙና መጠቅለያ እንኳን ሳታነቢ ጥለሽ የማታውቂ ልጅ ነሽ።

ይህን የሚያደርስልሽ ባለፈው ዓመት ወንበሮቹን በሙሉ ያለበስኩለት የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ፋርማሲው ድረስ መጥቶ በእጅሽ ይሰጥሻል። መድኃኒት ፈላጊ መስሎሽ ማዘዣ እንዳትጠይቂው፤ ዓይን አፋር ስለሆነ ደንግጦ ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። «ከዛሬ ጀምሮ አልጽፍም፤ ማዘዣ እያነበብኩ መኖር ይበቃኛል» ብለሽ ገጽሽ ላይ የለጠፍሽውን አናጺው አሳየኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአሥር አዳዲስ ጸሐፊዎች ታሪክ በሚወጣበት መጽሐፍ ውስጥ እንዲገባ የተመረጠውን ታሪክሽንም ልትተዪው መሆኑን ሰማሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው «በውሸት ስም ራሷን የምታሞግስ አጭበርባሪ» እያለ ሲሰድብሽ አይቼ ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ነገሩ ስላልገባኝ አይደለም። አጭበርባሪው እኔ ስለሆንኩ ነው።

አዎ፣ ልጄ። እነዚያ አምስት የውሸት ስሞች የእኔና የወርክሾፑ ሰዎች ናቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? አይጡ አባትሽ ነኝ። አሁን ቁጭ በይና እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ያንኑ ታሪክሽን፣ «ባለ ሦስት መቀመጫ»ን፣ ገጽሽ ላይ ያወጣሽ ዕለት ስፖንጅ ክምር ላይ ተደግፌ በስልኬ አነበብኩት። ልጄ ያባቷን ሥራ እንዲህ አድርጋ ስትጽፈው! ጨርቁ ሲወጠር የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር ጽፈሽዋል። ኩራቴን የት ላድርገው? ለሚመጣ ለሚሄደው ደንበኛ ሁሉ ሳነብ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ገብቼ ባየው አሥራ አራት አስተያየት ተጽፎበታል፤ አሥሩ ክፉ። አንዱ «ይህ ታሪክ ነው ወይስ መርዶ?» ይላል። አንዷ «እህቴ፣ ያገኘሽውን ሥራ አጥብቀሽ ያዢ» ትላለች። ሌላው ከአፉ አንድ ቃል ሳያወጣ የሚስቅ ፊት ብቻ ከላይ እስከ ታች ደርድሯል። ደሜ ፈላ።

በሻይ ሰዓት ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። አናጺው፣ ስፖንጅ ቆራጩ፣ ባለስፌቷና ጎረቤታችን መስታወት ሻጩ ነበሩ።

«ስልካችሁን አውጡ» አልኩ።

«ምን መጣ?» አለ አናጺው።

«ልጄን እየሰደቧት ነው። እያንዳንዳችሁ አዲስ ስም አውጡና አሞግሷት።»

ባለስፌቷ ዳቦዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያምርም።»

«ምኑ ነው የማያምረው? ውሸት ጻፉ አላልኩም። ጥሩ ታሪክ ነው።»

«ጥሩ ከሆነ በራሳችን ስም እንጻፈው።»

«በራሳችን ስም ከጻፍን ዘመዶቿ ናቸው ይሉናላ!»

«ታዲያ አይደለንም?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ግን እኔ ያን ሰዓት ልክ የሆነ ሰው አልፈለግሁም። በአለቃ ድምፅ «ጻፉ» ስል ጻፉ።

ምን እንደሚሉም እኔው ነኝ ያስጻፍኳቸው፦ «እንዲህ ያለ ታሪክ ከተወለድኩ አንብቤ አላውቅም፤ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።» አምስታችንም ይህችኑ። አናጺው ብቻ ከራሴ ልጨምር ብሎ «ጽሑፉ ጠንካራ ነው፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ለማጽዳትም አያስቸግርም» አለበት። ሶፋ ሲሸጥ የሚለው ነው፤ ሌላ ሙገሳ አያውቅም። ስፖንጅ ቆራጩ፣ ያ ጢማም፣ ስሙን «የጠዋት ጤዛ» ብሎ የአንዲት ቆንጆ ፎቶ ለጠፈ። እኔ ደግሞ የምለጥፈው ባጣ ያን ሰሞን የጨረስነውን አረንጓዴ ሶፋ ለጠፍኩ። እንግዲህ የአንቺ ጠበቆች እነዚህ ነበሩ።

ሰው መቼ ሞኝ ሆነ? ገና ሳይመሽ አንዱ አምስቱን አስተያየት ጎን ለጎን አስቀምጦ አወጣው። በአንድ ቀን የተከፈቱ፣ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚናገሩ፣ አንዱ ደግሞ ሶፋ የሆነ አምስት አድናቂዎች። «አምስቱንም የወለደቻቸው ደራሲዋ ናት» ብሎ ጻፈበት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሆነብን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አሥሩ ክፉ ሰው ሁለት መቶ ሆነ። «እኔ አላውቃቸውም» ብለሽ ስትምዪ ደግሞ ይባስ ሳቁብሽ። እውነትሽን ነበር፤ እውነትሽን ብቻሽን ይዘሽ ቆምሽ።

ያን ዕለት ወጥቼ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ነገ ይበርዳል እያልኩ፣ ከነገ ወዲያ ይረሱታል እያልኩ ሦስት ሳምንት ተኛሁበት። ማንን እንደፈራሁ ታውቂያለሽ? ሰውን አይደለም። አንቺን ነው የፈራሁት። እሁድ ዕለት ድምፅሽን ሰምቼ ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ለባለስፌቷ ደውዬ «ነገ ጠዋት እውነቱን አጽፊኝ» አልኳት። «ሦስት ሳምንት ጠብቄሃለሁ» አለችኝ። አንቱታዋንም ያን ቀን ረስታዋለች፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ትናንት ጠዋት አምስታችንም ተሰልፈን ፎቶ ተነሳንና የወርክሾፑ ገጽ ላይ አወጣነው። ከሥሩ በራሴ ስም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኔ የልጅቷ አባት ነኝ። ሥራዬ ሶፋ መሥራት ነው። አምስቱን የውሸት ስም ያስከፈትኩ፣ ሙገሳውንም ያስጻፍኩ እኔ ነኝ። ልጄ ዛሬም ድረስ አታውቅም። እሷን የሰደባችሁትን እኔን ስደቡኝ፤ አድራሻዬ ከታች አለ።» የጠዋት ጤዛም በጢሙ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ገብተሽ እይው፤ ገጽሽን ስለተውሽው እንዳላየሽው ገምቻለሁ።

ስድቡ መጣ፤ አልዋሽሽም። አንዱ «የሶፋህ ስፖንጅም እንደ ሙገሳህ ነው እንዴ?» አለኝ። አንድ የቆየ ደንበኛ «አላፈርክም?» ብሎ ጻፈ። «አፍሬያለሁ» ብዬ መለስኩለት። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ዞረ። ያን አምስቱን ጎን ለጎን ያወጣው ሰውዬ የጻፈውን አነሳና ባደባባይ ይቅርታ ጠየቀሽ። ከእሱ በኋላ ብዙ ሰው ተከተለ። ከሁሉም የገረመችኝ ያቺ መነጽር ያደረገች ድመት ፎቶ ለጥፋ ታሪክሽን የነቀፈችው ናት፤ ታስታውሻታለሽ መቼም። «ስለ አባቷ ሥራ ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ታሪኩ ያልኩትን ግን አላነሳም» አለች። መጀመሪያ ተናደድኩባት። ኋላ ግን ይህቺ ሴት ከእኔ ይልቅ የወርክሾፓችን ሰው መሆኗ ገባኝ።

ሕጋችንን አልረሳሽም መቼም። ተቀምጠንበት ሳንወቅሰው ሶፋ ከዚህ በር ወጥቶ አያውቅም። ያለቀው ሶፋ በላስቲክ ከመጠቅለሉ በፊት እያንዳንዱ ሰው በተራው ይቀመጥበታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንድ እንከን ይናገራል። እንከን ያልተናገረ ማሞገስ አይፈቀድለትም። ሠሪው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፤ መልስ መስጠት ክልክል ነው። ከተባለው የቱን እንደሚያስተካክልና የቱን እንደሚተው ግን የሚወስነው ሠሪው ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይገባበትም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ጥሩ ሶፋ ሠሪ ነኝ ስል የማላፍረውም ለዚህ ነው።

ሰባት ዓመትሽ ሳለ «እኔም ልቀመጥ» ብለሽ አስቸገርሽን። የአንድ ዳኛ ወንበር ነበር። እግርሽ መሬት ሳይነካ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆየሽና «ይሄ ወንበር ሰው አይወድም፤ ሂድ ሂድ ይላል» አልሽ። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን አናጺው ሜትሩን አውጥቶ ለካው፤ የፊቱ እግር ሁለት ጣት አጥሯል። ተቀማጩን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል ማለት ነው። እኛ አራት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠንበት ያላየነውን አንቺ አየሽው፤ አይተሽም ማንም በማይረሳው ቃል ተናገርሽው። ያን ቀን ነው ይህቺ ልጅ ከእኛ ሥራ ሌላ ሥራ አላት ያልኩት። ሐሳቤን እስከ ዛሬ አልቀየርኩም፣ ሁለት መቶ ሰው ቢጮህም አልቀይርም።

እንዲህ ያለ ሕግ ያለኝ ሰውዬ የልጄ ታሪክ ሲመጣ ምን አደረግሁ? ሳልወቅስ አሞገስኩ። ሌሎቹንም ሳይወቅሱ አስሞገስኩ። ርቀሽ ስለሄድሽ፣ ስለናፈቅሽኝ፣ አንድ ክፉ ቃል ተናግሬ የሳምንት ስልክሽን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ሌላውን ሶፋ ሁሉ መርምሬ የራሴን ልጅ ሥራ ከነእንከኑ ጠቅልዬ ሸኘሁት።

ትናንት ስድቡ በረድ ሲል ከባለስፌቷ ጋር ተቀምጠን አንቺ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው። እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ተቀምጦበታል ወይስ አልተቀመጠበትም?» ታሪኩን አንብቦ ነው የተናገረው ወይስ ከበር ላይ ሆኖ ነው የሚጮኸው ማለቷ ነው። አንዱን ስናነብ «አልተቀመጠም»፣ ሌላውን ስናነብ «አልተቀመጠም»፣ እንዲህ እያልን ጨረስነው። በመጨረሻ ስንት የተቀመጠበት ሰው የተገኘ ይመስልሻል? አምስት። አንቺ እንግዲህ ብዕርሽን የጣልሽው ሶፋውን በዓይናቸው ላላዩ ሁለት መቶ ሰባት ሰዎች ብለሽ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የብዙዎቹ ያመለጠ አፍ ነው፣ ነገ የተናገሩትን አያስታውሱትም።

አምስቱን ግን መስማት አለብሽ። ሦስቱ ትንንሽ ነገር ነው የሚሉት፤ መጀመሪያው ረዘመ፣ አክስትየዋ ከየት መጣች፣ እንዲህ ያለ። አራተኛው ስለ ሶፋ ተሳስተሻል ይላል፤ እሱን ተይው፣ ሶፋውን እኔ አውቃለሁ፣ አልተሳሳትሽም። አምስተኛዋ ድመቷ ናት። የጻፈችውን በእጄ ገልብጬልሻለሁ፦ «ልጅቷ ዓይን አላት። ስለ ወርክሾፑ ስትጽፍ አመንኳት። ሚስትየዋ ስትሞት ግን አላመንኳትም። ይህቺ ሴት የሞተችው ታማ አይደለም፤ ደራሲዋን ስላስቸገረቻት ነው።»

ይህን ሳነብ ባለስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው።

ወዲያው የመጽሐፉ አዘጋጅ ዘንድ ደወልኩ። አትቆጪ፤ ስልኳ ማስታወቂያው ላይ ነበር። የውሸቱን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳትና «ልጄን በእኔ ጥፋት እንዳያስወጧት» አልኳት።

«እኔ እኮ ታሪኳን ወደ ጎን ያደረግሁት የሌሎቹ ዘጠኝ ልጆች ስም አብሮ እንዳይነሳ ብዬ ነው» አለችኝ። «እርስዎ ልጅዎን ሊያጠፏት ነበር፣ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እስከሚመጣው ሰኞ ቦታዋን እይዝላታለሁ። ግን በዚህ መልኩ አልቀበላትም። ባለ ድመቷ የጻፈችውን አንብባ፣ ካመነችበት አስተካክላ ትላክልኝ።»

«ካላመነችበትስ?»

«ካላመነችበት ለምን እንዳላመነች ትንገረኝ። ልመና ግን አልፈልግም፤ መጻፍ የምትፈልግ ከሆነ ራሷ ትጻፍልኝ።»

ወደድኳት። ሴትየዋ የምትናገረውን ታውቃለች። ስለዚህ ሰኞ ድረስ ነው ያለሽ፤ ታሪኩ መጽሐፉ ውስጥ ይግባ አይግባ በእጅሽ ነው። ማዘዣ እያነበቡ መኖርም ክብር ነው፣ አንድም ቀን ንቄው አላውቅም። ነገር ግን በእኔ ጥፋትና በማያነቡ ሰዎች ጩኸት ብለሽ ብትተዪው እኔ በሰላም አልተኛም። መተው ከፈለግሽ በራስሽ ምክንያት ተዪው።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት ዘግይቶም ቢሆን የእኔ ወቀሳ ይኸውልሽ። በታሪክሽ ውስጥ ያለው ሶፋ ሠሪ ሚስቱ ሞታበት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ባለ ሦስት መቀመጫውን በየዓመቱ አዲስ ጨርቅ ሲያለብሰው የእሷን ቦታ አይነካውም፤ የድሮ ጨርቋን እንደለበሰ ይተወዋል። ሲናገር በለሆሳስ ነው። ሲቆጣ አይታይም። ልጄ፣ ይህን ሰውዬ አላውቀውም። እኔ ከሆንኩ ቅዱስ አድርገሽኛል፤ ቅዱስ ደግሞ አይቀመጥበትም፣ ይቆረቁራል። እናትሽ አልሞተችም። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ሳለ ጥላን ሄደች። አንቺም እኔም እናውቃለን፣ ሰፈሩም ያውቃል። አባቴ አንብቦት እንዳይከፋው ብለሽ ነው በወረቀት ላይ የገደልሻት። አንጀቴን በልተሽዋል። ግን እንከኑ እሱ ነው፣ ድመቷ ያገኘችውም እሱን ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ያላወቅሽውን ጻፊ ማለት አልችልም።

አንቺ የምታውቂው እንዲህ ነው፦ እኔ ዕቃ ላደርስ ወጣሁ፣ ስመለስ እናትሽ የለችም፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሄዳለች። የነገርኩሽ እንደዚያ ነው። አንቺም «ስትሄድ ያላናገረችኝን ሴት አላናግራትም» ብለሽ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ስትደውል አታነሺም። ባለፈው ልትጠይቂኝ መጥተሽ ምሳ እየበላን ሳለ ስልክሽ ሲጠራ አየሁሽ፤ ስሟን አይተሽ ገልብጠሽ አስቀመጥሽውና «ማነው?» ስልሽ «ማንም አይደለም» አልሽኝ። ሌላ ጉርሻ ጎረስኩ።

ውሸት ነው፣ ልጄ። ያን ቀን የትም አልሄድኩም።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ አንቺ አክስትሽ ዘንድ ነበርሽ። ከሰዓት በኋላ እናትሽ ወደ ወርክሾፑ መጣችና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ባለስፌቷ ማሽኗን አቆመች። እኔ የወንበር ጀርባ እየመታሁ ነበር፤ ስመታ ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሬ እንደምይዝ ታውቂያለሽ። እናትሽ ተናገረች። አልጮኸችም። ለሠራተኞቼ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንደምቆም፣ እሷ አንድ ነገር ስትል ግን በሩን ወርውሬ እንደምወጣ ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ሥራ አግኝታ ሦስት ጊዜ እንዳስቀረኋት ነገረችኝ። ብቻዋን መናገር እንደሰለቻት፣ እኔን ለመልቀቅ እንዳልመጣች፣ አንድ መልስ ብቻ ከሰማች ወደ ቤት እንደምትገባ ነገረችኝ። ከዚያ ጠበቀች። ሚስማሮቹን ከአፌ እስካወጣ ነበር የምትጠብቀው። ሦስት ቀርተውኝ ነበር። ሦስቱንም መታኋቸው። እሷ አሁንም ተቀምጣለች። እኔ እጄን ወደ ቆርቆሮው ሰድጄ አዲስ ሚስማር ዘገንኩና አፌን ሞላሁት።

ያኔ ተነሳች።

በማግስቱ ራሷ ልትነግርሽ አክስትሽ ቤት መጥታ ነበር። እኔ በማለዳ ቀድሜያት ወስጄሽ ነበር። በመንገድ ላይ ነው ያቺን ውሸት የነገርኩሽ፤ አልቅሰሽ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ፣ እኔም ከዚያ በኋላ የምመልስበት ልብ አጣሁ። ባለስፌቷ እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም።

ይቅር በዪኝ ብዬ በዚህ ደብዳቤ አልለምንሽም፤ እሱን ስትመጪ ፊት ለፊት ቆሜ እጠይቅሻለሁ። አሁን የምልሽ ጻፊው ነው። ያንን ሰውዬ አፉ በሚስማር እንደተሞላ ጻፊው። ለእሱ ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታለዝቢ። አንባቢ ቢጠላው ይጥላው፤ እኔ ስድብ ትናንት ተለማምጃለሁ፣ አልሞትኩም። ስምሽን ከሥሩ በትልቁ አድርጊው፣ የማን ልጅ መሆንሽን ሰው ሁሉ ያውቅ። ይህን ታሪክ ከአንቺ በቀር የሚጽፈው የለም፤ እንደምትችዪውም አልጠራጠርም።

ለእኔ መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ለእናትሽ ደውዪላት። እኔ የጻፍኩልሽ ያን ቀን ጆሮዬ የያዘውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት የተናገረችውን አላዳመጥኳትም፣ ስለዚህ አላውቀውም። እሱን የምትነግርሽ እሷ ናት።

የምትጽፊበት እጅ አይዛል። የሚያነብሽ አይጥፋ፣ እውነቱን የሚነግርሽም አይለይሽ። በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ይቅደምልሽ።

አባትሽ